የላሟ ማንጎ

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት የመርሳ ማንጎ ታሞ ነበር። እኔ እንደዚያ ነበር የማውቀው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቤታችን ላምበረት፣ የደሴ መንገድ ዳር ነው፤ እናቴ ሰኪና በራችን ላይ በጣውላና በቆርቆሮ በተሠራች መደብ ፍራፍሬ ትሸጣለች። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ታሟል እኮ" ሲባባሉ እሰማለሁ፤ ደንበኞቻችን ደግሞ አንድ በአንድ ይቀራሉ። ሁለቱን ነገር አገጣጠምኩና የታመመው ማንጎው ነው አልኩ። ማንም አላረመኝም፤ ማንንም አልጠየቅኩማ።

አባቴ ሐሩን ኤንትሬ የሚባለውን ትልቁን የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ወልድያና መቀሌ ጭነት አራግፎ ሲመለስ የተወለደባት መርሳ ላይ ያድራል። ታላቅ ወንድሙ እዚያ ከወንዙ በቦይ ውኃ እየጠለፈ የሚያጠጣው የፍራፍሬ ቦታ ነበረው። የእናቴ መደብ የምትኖረው ከዚያ በሚመጣው ፍራፍሬ ነው፤ እኛም ወራቱን የምንለየው በዚያው ነበር። ብርቱካን ከመጣ ብርድ ገብቷል። ዘይቱን የትምህርት ቤት መከፈቻ ነው። ፓፓያ ሁልጊዜ ስላለ አይቆጠርም። የሁሉም አለቃ ግን ማንጎ ነበር፤ ሚያዝያ ሲያልቅ ይጀምርና ክረምቱ ሲከብድ ያበቃል። እስኪሸጥ ድረስ ሳጥኖቹ አልጋ ሥር ስለሚያድሩ በማንጎ ወራት ልብሴም ደብተሬም ማንጎ ማንጎ ይሸታል።

አንድ ጊዜ ለቀማው ላይ ነበርኩ። አጎቴ ረጅም ሸምበቆ ይዟል፤ ጫፉ ላይ አፉን የከፈተ ከረጢት ታስሯል። ማንጎውን ከረጢቱ ውስጥ ያስገባውና ጠምዘዝ አድርጎ ከአንገቱ ይቀነጥሰዋል። መሬት የወደቀ ማንጎ ከላይ ምንም ሳይሆን ውስጡ ይቆስላል፤ ለገበያ አይሆንም። አባቴ ከሥር ቁጭ ብሎ ጭድ በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ይደረድራል፣ አንገታቸውን እየደፋ።

"ለምንድን ነው የምትደፋቸው?" አልኩት።

"ከተቆረጠበት ወተት ይወጣዋል። ወተቱ በገላው ላይ ከፈሰሰ ያቃጥለዋል፣ ጥቁር ነጥብ ያወጣበታል። አንዱ ከተበላሸ ደግሞ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል።"

ይህን "ያስተላልፋል" የሚለውን ቃል ይዤው ቀረሁ።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ አባቴ ከመንገድ መጣና በዚያው ቤት ቀረ። እኔ ከሁሉም ሰው በላይ ምክንያቱን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ቁርኣን የሚያስቀሩን ሼኽ ዝናብ ሲዘንብ የሚደረግ ዱዓ አይመለስም ብለውን ስለነበር ያለፈውን ክረምት በሙሉ በር ላይ ቆሜ፣ መዳፌን ለዝናብ ዘርግቼ፣ "ያ አላህ፣ አባቴን ከመኪናው አውርድልኝ" ስል ነው የከረምኩት። ይኸው ወረደ። ያን ዱዓ ዛሬ ሳስታውሰው ቃላቱን ትንሽ መምረጥ ነበረብኝ እላለሁ። ያኔ ግን ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እሱ በር ላይ አለ። ይስላል፣ ግን አለ። ሱሪው በቀበቶው ሥር እንደ መጋረጃ ይሰበሰባል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስንበሳ እኔ ነበርኩ የያዝኩለት፤ እየሳቅን ነበር።

እናቴ ከኤንትሬው የወጣ አሮጌ የጋቢና ወንበር መደቡ አጠገብ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችለት። እዚያ ይውላል። ጥንት፣ ጤነኛ ሳለ፣ ከመንገድ ባረፈባቸው ቀናት የመደባችን ትልቁ ሻጭ እሱ ነበር። ሴንጢውን አውጥቶ ማንጎውን ይልጠዋል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ እስከ መሬት ይወርዳል። ከዚያ አንድ ቁራጭ በሴንጢው ጫፍ ላይ ሰክቶ ለመንገደኛው ይዘረጋል። "ቅመስና ካልጣፈጠህ እለፍ" ይላል። ያለፈ ሰው አላየሁም።

በዚያ ዓመት ግን ያልፉ ነበር።

ማንጎውን አሁን የሚያመጣው የአባቴ ጓደኛ ሙነወር ነው፤ ኤንትሬውን የተረከበው እሱ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ዘግይተው፣ የሰኔ ጾም ከገባ በኋላ ሲወርዱ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እንደ ድሮው ላጠ፤ ልጣጩ ሦስት ቦታ ተበጠሰ። ለአንዲት ጎረቤታችን ዘረጋላት።

"ጾም ነኝ፣ ሐሩን" አለች፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እያስገባች።

"ማንጎ በጾም ይበላል እኮ" አልኩ እኔ። ክርስቲያን ጓደኛ ስለነበረችኝ የጾሙን ሕግ ከእነሱ ልጆች እኩል አውቀዋለሁ።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፣ የኔ ልጅ። ከዘጠኝ በኋላ እመጣለሁ።"

ከዘጠኝ በኋላ ቆሜ ጠበቅኳት። አልመጣችም። በማግስቱም ሌላው ሰው ጾም ነበር። የእኛ ሰዎች ደግሞ በዚያ ወር የሚጾሙት ስለሌለ "ሆዴን ቆርጦኛል" ይላሉ።

ቦኖ ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ሲያወሩ ሰማሁ።

"እዚያ ነው የምትገዢው? ያ ዘመን አመጣሹ ገብቷል አሉ።"

"ኧረ በስመ አብ። ይተላለፋል?"

"በምን እንደሚተላለፍ ማን ያውቃል። ብቻ እዚያ ቤት የገባ ዕቃ አልነካም።"

ዘወር ብለው ሲያዩኝ ዝም አሉ። እኔ ግን የምፈልገውን አግኝቻለሁ። ዕቃ ያሉት ማንጎውን ነው። ይተላለፋል ያሉት አባቴ የነገረኝን ነው። ቤት እንደደረስኩ ጀሪካኑን በሳፋ ገልብጬ፣ ሳሙናና ጨው ጨምሬ፣ ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ማጠብ ጀመርኩ። ጥቁር ነጥብ ያለባቸውን በጥፍሬ እፍቃለሁ።

እናቴ መጥታ ከላዬ ቆመች። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"በሽታው እንዳይተላለፍ ነው።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ በውድ ሳሙና ነበር የማጥበው። እሷ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለችና ትንሽ ቆይታ ከሳፋው አንድ ማንጎ አነሳች። አጠበችው። ሌላ አነሳች። ሳጥኑን አብረን ጨረስን። ፊቷን በክንዷ ትጠርግ ነበር፤ ሳሙና የገባባት መስሎኝ "አትሺው፣ በውኃ ታጠቢ" አልኳት።

ሙነወር በሁለተኛው ጉዞው ሲመጣ ያለፈው ሳጥን እንዳለ አገኘው። እናቴን ጠጋ ብሎ ሲነግራት ከመደቡ ሥር ተቀምጬ እሰማለሁ።

"ሰኪና፣ እውነቱን ልንገርሽ? እሱ ውስጥ ቢሆን ዕቃው ይነሳልሻል። ሰው እሱን እያየ ነው የሚያልፈው።"

"ፀሐይ ያስፈልገዋል።"

"ከኋላ በኩልም ፀሐይ አለ።"

"ከኋላ በኩል ሰው የለም" አለች እናቴ። "ዕድሜውን መንገድ ላይ የኖረ ነው። መንገዱን ከልክዬው ማንጎውን ለማን ብዬ ልሸጥ?"

ይህ "እሱ" ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ማንጎዎች የተቀመጡበት ሳጥን ነው ብዬ ወሰንኩ። ሲሄዱልኝ ሳጥኑን እየጎተትኩ አልጋ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱም ገበያ አልነበረም።

አንድ ሰው ግን አልቀረም፤ ከጀርባችን የሚኖሩት እትዬ ሙሉ። ግቢያችንን ከግቢያቸው የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ባለቤታቸው ጋሼ ገረመው የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ልጃቸው ብሩክታይት በክፍልም በጨዋታም ጓደኛዬ ናት። እትዬ ሙሉ ወለላ የምትባል ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላም ነበረቻቸው። ለሠፈሩ ወተት ይሸጣሉ። ድምፃቸው ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ከእናቴ ማንጎ ሲገዙ ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። "ሰኪና፣ ይሄ ማንጎ ነው ወይስ ፍሬው ብቻ? ልጣጩንና ፍሬውን ላንቺ ልመልስና መሐሉን መዝኝልኝ" ይላሉ። እናቴም ትመልሳለች፤ ተሳስቀው ይለያያሉ።

በዚያ ዓመት ክርክሩን ተዉት። ዓርብ ዓርብ ትልቁን ዘንቢል ይዘው ይመጣሉ፣ እናቴ ያለችውን ይሰጣሉ፣ ዘንቢሉን ሞልተው ይሄዳሉ። አባቴን "እንዴት አደርክ ሐሩን?" ይሉታል፤ ግን ከመደቡ ወደዚህኛው ወገን አይዞሩም። ማታ ማታ ደግሞ ለአባቴ ወተት ያመጣሉ፣ በነፃ። ድሮ የራሳቸውን ማሰሮ ትተውልን ጠዋት ይወስዱ ነበር። አሁን "ዕቃችሁን አምጪ" ይሉኛል፤ ጆጉን ይዤ እቆማለሁ፣ እሳቸው ከላይ፣ ከትከሻቸው አካባቢ፣ ጠብታ ሳያፈሱ ያወርዱታል። ማሰሮው ጆጉን አይነካም። ትርኢት ነበር የሚመስለኝ። ብሩክታይትን "እናትሽ እንዴት ነው የሚችሉት?" ብያት አውቃለሁ።

ብሩክታይት ራሷ እኛ ቤት መብላት ትታ ነበር። አንድ ቀን በትምህርት ቤት እረፍት ላይ ማንጎ ቆርጬ ሰጠኋት፤ እጇን ሰበሰበች።

"እማዬ ማንጎ ሆድ ይነፋል ብላለች።"

"ቤታችሁስ ትበዪ የለ?"

"እኛ ቤት ማንጎ የለም።"

"ዓርብ ዘንቢል ሙሉ ወስደዋል።"

"የለም አልኩሽ። ከፈለግሽ መጥተሽ እዪ።"

ሄጄ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ሾልኬ በበረቱ ጀርባ ዞርኩ። እትዬ ሙሉ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው አንጓቸው ላይ በክር አስረዋል። ማንጎውን በቢላዋ እየሰነጠቁ፣ ላሟን እንዳያንቃት ፍሬውን ወደ ጎን እየጣሉ፣ ሥጋውን ከነልጣጩ ገንዳው ውስጥ ይጨምራሉ። ወለላ ዓይኗን ከድና ታኝካለች። ቢጫ ጭማቂ በአገጯ ይንጠባጠባል። ያ እኔ በሳሙና ያጠብኩት፣ በጨርቅ ያደረቅኩት ማንጎ ነው። እትዬ ሙሉ ቀና ያሉ መሰለኝና ሮጥኩ።

"እማ፣ እትዬ ሙሉ ማንጎአችንን ለላም ነው የሚሰጡት" አልኳት ለእናቴ።

"ማን አለሽ?"

"በዓይኔ አየሁ። እጃቸው ላይ ፌስታል አድርገዋል፣ እንደ ቆሻሻ።"

እናቴ የያዘችውን ፓፓያ አስቀመጠች። ወደ አባቴ ዞር ብላ አየች፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል።

"ላም ነፍስ የላትም እንዴ? ትብላ" አለች። ቀጥላ ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። "ለአባትሽ ይህን ብትነግሪው ወላሂ እጣላሻለሁ።"

አልነገርኩትም። እናቴ ፈሪ ናት ብዬ ግን አዘንኩባት። ዓርብ እስኪደርስ የምለውን ስለማመድ ሰነበትኩ።

ዓርብ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ እናቴ ወደ ውስጥ ገብታ ስለነበር መደቡ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እትዬ ሙሉ ዘንቢላቸውን ይዘው መጡ።

"ማንጎ አልቋል" አልኳቸው።

ፊቴ ላይ ሦስት ሳጥን ሙሉ ማንጎ አለ። ማንጎውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ይሄስ፣ የኔ ልጅ?"

"ይሄ ለሰው ነው የሚሸጠው።"

እትዬ ሙሉ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ያ ከአስፋልት ማዶ የሚሰማ ድምፃቸው ጠፋ። አባቴ ከኋላዬ ተናገረ።

"ሪሀና። ነይ አንሺኝ።"

ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ። ክብደት አልነበረውም፤ የሚሞቅ እጅ ብቻ። መደቡ ጋ ደርሶ ማንጎዎቹን ይነካ ጀመር፤ እንደ ድሮው በአውራ ጣቱ አንገታቸው ሥር ጫን እያደረገ።

"ይሄ ገና ነው። ይሄ ለሰኞ ነው። ይሄ…" አለና አንዱን ወደ እትዬ ሙሉ ገፋው። "ወለላ የበሰለውን ነው አይደል የምትወደው?"

እናቴ በሩ ላይ ወጥታ መቃኑን ይዛ ቆማለች።

"ሐሩን" አሉ እትዬ ሙሉ። "ማን ነገረህ?"

"ወተቱ ነዋ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማንጎ ማንጎ ይላል። መርሳ ያደግኩት ሰውዬ እንዲህ ያለ ወተት ጠጥቼ አላውቅም።"

እየቀለደ ነበር። ዓይኖቹ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ አልነበረም። እትዬ ሙሉ ግን መደቡን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ማርያምን፣ አንተን ንቄ አይደለም።"

"አውቃለሁ። የገዛሽው ያንቺ ነው፣ ለወደድሽው ስጪ።" ከጃኬቱ ኪስ ሴንጢውን አወጣ። መላጡ ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ልጣጩ ይበጠሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ሦስታችንም ጠበቅነው። አንድ ቁራጭ ቆርጦ በሴንጢው ጫፍ ላይ ሰካና ዘረጋላቸው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ብቻ ለላሟ ምን እንደምትሰጫት ቀምሰሽ እወቂ።"

እትዬ ሙሉ ቁራጩን በባዶ ጣታቸው ከሴንጢው ላይ አነሱት። ጭማቂው በመዳፋቸው ወርዶ ወደ ክርናቸው ሄደ። አፋቸው ድረስ ያደርሱታል ብዬ ጠበቅኩ።

"ጾም ነኝ" አሉ። "ቤቴ ሄጄ፣ ከዘጠኝ በኋላ እበላዋለሁ።"

"ጥሩ" አለ አባቴ። "ከዘጠኝ በኋላ ይበልጥ ይጣፍጣል።"

ቁራጩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ሄዱ። ዘንቢሉን እንኳ ረስተውት ነበር። እኔ የት እንደሚያደርሱት አልጠፋኝም፤ በረቱን አውቀዋለሁ። አባቴ ወደ ወንበሩ ሲመለስ፣ "አይበሉትም እኮ" አልኩት።

"ተቀበለችኝ እኮ" አለኝ። "ያ ይበቃል።"

ዝናቡ ሲጠነክር ወንበሩ ወደ ውስጥ ገባ። ማንጎ አለቀ። አባቴ ነሐሴ ውስጥ፣ በጠዋት፣ እኔ ጎኑ ተኝቼ ሳለሁ ሞተ። ወንዶቹ ተሸክመውት በጭቃው ሲሄዱ እኛ በር ላይ ቀረን። እናቴ ለቅሶ ስትቀመጥ ከሠፈሩ ሴቶች አስቀድመው የገቡት እትዬ ሙሉ ነበሩ። ሦስቱንም ቀን ከእናቴ አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ግን ሰው አይነኩም። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ቀብረዋል። ልስማቸው ስጠጋ ፊታቸውን አዞሩ። ብሩክታይት ጭናቸው ላይ ልትቀመጥ ስትል እንኳ በክርናቸው ገፋ አደረጓት። ውኃ ሲሰጣቸው አልጠጣም አሉ። ወተቱንማ ከዚያች ዓርብ ወዲህ ራሳቸው ማምጣት ትተው ነበር፤ ሌላ ሰው እያለበ ብሩክታይት ነበረች የምታመጣው። ቤታችንን ተጸይፈዋል ብዬ ደመደምኩ፤ ከለቅሶው ጀምሮ ከሰላምታ በላይ አላወራኋቸውም።

አባቴን የገደለው ምን እንደሆነ እናቴ የነገረችኝ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ነው። እሷም በደሟ ውስጥ እንዳለባት፣ እኔ ግን ነፃ እንደሆንኩ አንድ ላይ ነገረችኝ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር በሕይወት ቆየች። በዚያ መንገድ ዳር ያልቆዩ ብዙ ነበሩ። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከእኔና ከልጆቼ ጋር ትኖራለች፤ ክኒኗን ከእራት በኋላ ትውጣለች። ላምበረት መናኸሪያ ከመጣ በኋላ የድሮ ሠፈራችን ተበትኗል። እነ እትዬ ሙሉም፣ ጋሼ ገረመው ካረፉ በኋላ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገቡ።

ባለፈው ዓመት እናቴ፣ "ሙሉ ታማለች አሉ፤ ውሰጂኝ" አለችኝ። በሚኒባስ ሄድን። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አረፈች። በሩን የከፈተችልን ብሩክታይት ናት፤ እሷም እንደ እኔ ወፍራለች። እትዬ ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ያ ሰፊ ትከሻቸው ጠቧል። እናቴን ሳሟት። እኔንም ሳሙኝና ፊቴን ይዘው አልለቀቁኝም።

"አንቺ ልጅ ትወጂኝ ነበር" አሉ። "ከዚያ ተውሽኝ።"

እንደዚያ ይሉኛል ብዬ አላሰብኩም። "ማንጎውን ለወለላ ሲሰጧት አይቼ ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ስትሮጪ አይቼሻለሁ።"

"ለምን ይገዙን ነበር ታዲያ?"

"እናትሽ ያን ሁሉ ማንጎ ይዛ ተቀምጣ በየት በኩል ልለፍ? ሌላ መንገድ የለኝ።"

"ለምን አልበሉትም?"

"ፈራኋ" አሉ፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ሁሉ። "በማንጎ አይተላለፍም ብሎ ሬዲዮ ይናገራል፣ ይተላለፋል ብሎ ጎረቤት ይናገራል። እኛ የምናምነው ጎረቤትን ነበር። ገረመው እንኳ የተማረው ሰውዬ 'እዚያ ቤት እንዳትደርሺ' ብሎኛል። ልጆች አሉኝ። ማንጎውን ቤት ማስገባት ፈራሁ፣ አለመግዛትም አቃተኝ። ወለላ አተረፈች።"

ብሩክታይት ሻይ ልትቀዳልን ተነስታ ነበር። እትዬ ሙሉ ወደ እናቴ ዞሩ።

"ያቺን ቁራጭ ታስታውሻታለሽ ሰኪና? ሐሩን በሴንጢው የሰጠኝን?"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

"ለወለላ ልሰጣት ነበር የሄድኩት። በረቱ በር ላይ ደርሼ ነጠላዬን ፈታሁ። ላሟ አንገቷን አወጣችልኝ። አቃተኝ። ሌላውን ሁሉ ከሳጥን ነው ያነሳሁት፣ ይቺን ግን ሰው ከእጁ ነው የሰጠኝ፤ ያ እጁ እየተንቀጠቀጠ። ለላም መስጠት አቃተኝ፣ መጣልም አቃተኝ። እዚያው ቆሜ በላኋት። ጾሙንም ሰዓቱንም አልጠበቅኩ።"

"ጣፈጠሽ?" አለች እናቴ።

"ምኑን አውቄው። እያለቀስኩ ነበር። ከዚያማ ገባብኝ ብዬ ክረምቱን በሙሉ ሞቴን ስጠብቅ ከረምኩ። ብርጭቆዬን ለየሁ፣ ማንኪያዬን ለየሁ። ላሟን ማለብ ተውኩ። ልጆቼን መሳም ተውኩ። ለቅሶሽ ላይ እንኳ ለዚች ልጅ እንዳላስተላልፍባት ፊቴን አዞርኩባት። ባሳለኝ ቁጥር 'መጣ' እላለሁ። ለገረመውም አልተናገርኩ። መስከረም ጠባ፣ መስቀል አለፈ፣ አልሞትኩም።"

ብሩክታይት ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። "እኔ እኮ ምን አጥፍቼ ነው እል ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ስትገፊኝ።"

እናትየዋ አዩዋት። ይህን ከእሷ ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም። "ምንም" አሏት። "ምንም አላጠፋሽም።"

ብሩክታይት ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከታች የሕፃናት ኳስ ድምፅ ይመጣል። እኔ ያንን ለቅሶ ቤት እያየሁ ነበር፤ ነጠላ ውስጥ የተቀበሩትን ሁለት እጆች፣ የዞረውን ፊት። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ጥላቻ ያልኩት እሱ ነበር።

"ያን ክረምት እኔም ሞቴን ነበር የምጠብቀው" አለች እናቴ። "እሱን ከቀበርኩ በኋላ በየቀኑ። አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የለየን። ምነው ሙልዬ፣ ብትነግሪኝ አብረን እንጠብቅ ነበር።"

እትዬ ሙሉ የእናቴን እጅ ፈልገው ያዙና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ልንሄድ እስክንነሳ ድረስ አልለቀቁትም።